ጣና ላይ «ነጭ ዓሣ» የምንለው ስንት ዓይነት ነው?

ሰላም_ጣና፦

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ከሚሸጥ ልጅ ሁለት ነጭ ዓሣ ገዛሁ። የሄድኩት ቀረሶ ፈልጌ ነበር፤ አልቆ ጠበቀኝ። ልጁን «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» ብለው «ነጭ ዓሣ ነው፣ ሁለቱም አንድ ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ሳጥባቸው ግን አንድ አልሆኑልኝም። የመጀመሪያው ከንፈሩ ወፍራም ነው። የታችኛው ከንፈር እንደ ትንሽ ምላስ ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ሲነኩት ልስልስ ይላል። ሁለተኛው ከንፈር የለውም ማለት ይቻላል። ራሱ ረዘም ያለ ነው፤ አፉን ስከፍተው ሦስት ጣቶቼ ያለ ችግር ገቡ። ቅርፊታቸው ግን ያው ነው፤ ትልልቅ፣ ብርማ፣ ጀርባው ላይ ጠቆር የሚል። ሁለቱም አፋቸው ዙሪያ ጢም አላቸው።

ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። የባለ ትልቁን አፍ ሆድ ስከፍት ውስጡ ሌላ ዓሣ አገኘሁ። የትንሽ ጣቴን ያህል የምትሆን፤ ግማሽ ጎኗ ተፈጭቷል። አፉን መልሼ ዳሰስኩት። አንድም ጥርስ የለውም፤ ድድ ብቻ ነው። ጥርስ የሌለው ዓሣ ሌላውን እንዴት ይፈጫል? ደግሞስ እነዚህ ሁለቱ እውነት አንድ ዓሣ ናቸው? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ኮተሌት_ወዳጅ፦

ስለ ዓይነቱ አላውቅም። ጣዕሙ ግን ከቀረሶ አያንስም፤ ሰውን የሚያሸሸው እሾሁ ነው። በሥጋው መሐል እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጫፉ እንደ ሹካ የተከፈለ እሾህ አለው። ቅርፊቱን ካነሳሽ በኋላ ጎኑን በቢላዋ በጣም አቀራርበሽ ሰንጥቂው። ከዚያ በደንብ በጋለ ዘይት ጥበሺው። እሾሁ ተቆራርጦ ይጠበሳል፤ አፍ ላይ አይታወቅም።

መምህር_ባዮ፦

ሰላም እህቴ። በጥሩ ዓይን ነው ያየሻቸው። አንድ ዓሣ አይደሉም።

ጣና ዳር ነጭ ዓሣ ተብለው የሚሸጡት በሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚባሉ ናቸው። የካርፕ ቤተሰብ ናቸው። ተመራማሪዎች ሐይቁ ውስጥ 15 ዝርያ ለይተው ገልጸዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የትም የሉም። ባለ ወፍራም ከንፈሩ ነጅያ የሚባለው ይመስለኛል። ድንጋያማ ዳርቻ ይወዳል። በዚያ ልስልስ ከንፈሩ የድንጋዩን ስንጥቅ ዘግቶ ውስጥ የተደበቁ የነፍሳት እጮችን ይስባል። ባለ ትልቁ አፍ ደግሞ ሜጋስቶማ ሊሆን ይችላል። ስሙ ራሱ በግሪክኛ «ትልቅ አፍ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥርሱ ልምጣ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የካርፕ ቤተሰብ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ አያበቅልም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ከስንጥቡ ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ማጭድ የሚመስሉ ሁለት አጥንቶች አሉ። ጥርሶቹ እነሱ ላይ በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ከላይ፣ የራስ ቅሉ ሥር፣ ጠንካራ ንጣፍ አለ። ዓሣው የዋጠውን ነገር በእነዚህ ጥርሶችና በንጣፉ መሐል አድርጎ ያደቀዋል። ሆዱ ውስጥ ያገኘሻት ትንሽ ዓሣ ግማሽ ጎኗ የተፈጨው እዚያ ነው።

ጭንቅላቱን ካልጣልሽው ቀቅይው። ሥጋው ሲለቅ ከስንጥቡ ኋላ ሁለቱን አጥንቶች ቀስ ብለሽ አውጪና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽጂያቸው። ተማሪዎቼን በየዓመቱ አሠራቸዋለሁ። መጽሐፍ ላይ ሲያነቡት የማይገባቸው ነገር እጃቸው ላይ ሲሆን ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥርስ በመንጋጋው የሌለው ቤተሰብ አዳኝ ይሆናል ተብሎ አይጠበቅም። የያዘውን አጥብቆ የሚይዝበት ነገር የለውም፤ ጉሮሮውም ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ዓሣ አያሳልፍም። ጣና ውስጥ ግን ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ሆነዋል። አንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል ዓሣ በል ካርፕ የተገኘበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ሰላም_ጣና፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! ጭንቅላቱ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ ዛሬ ማታ እቀቅለዋለሁ።

ግን እንዴት ነው 15ቱም አንድ ሐይቅ ውስጥ የተገኙት? ከየት መጡ?

ደንገል፦

እኔ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ። መምህር ከፈቀዱልኝ እኔ ልመልስ።

ከየትም አልመጡም። እዚያው ነው የተለያዩት።

ጣና የተፈጠረው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የዓባይን መውጫ ስለዘጋው ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ አለ፤ ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ፏፏቴ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ከላይ የቀሩት ከታች ካሉት ዘመዶቻቸው ተነጥለዋል። ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ የወጣው ደለል ያሳያል። በኋላ ዝናቡ ተመለሰ፤ ሐይቁም ሞላ።

እንግዲህ አስቡት። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ ውሃ። ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር፣ ቢበዛ 14። ነፋሱ ከላይ እስከ ታች ስለሚያማታው ወለሉ ድረስ አየር አለው። አንድ ቦታ አለት፣ ሌላ ቦታ ደንገል፣ ሌላ ቦታ ጭቃ፣ መሐሉ ባዶ ውሃ። ወንዝ ውስጥ ሲኖር ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ይበላ የነበረ ዓሣ እዚህ ሲደርስ ማዕዱ ሰፋለት። አንዱ ወለል ላይ ትል መልቀም ያዘ። አንዱ ቅጠል። አንዱ ቀንድ አውጣ። ብሬቪሴፋለስ የሚባለው አጭር ራስ ትንሹ መሐል ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን ያጠልላል። ትሩቲፎርሚስ እንደ ትራውት ቀጥ ያለና ፈጣን ሆኖ ትንንሽ ዓሣዎችን ያሳድዳል።

አባታቸውን የሚመስለው ኢንተርሜዲየስ ዛሬም አለ። እሱ ከጣና ውጭም ይኖራል፤ አዋሽ፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ኦሞ ታገኙታላችሁ።

የስሞቹ ነገርም ደስ ይላል። ጎርጎሬንሲስ የተባለው በጎርጎራ ነው። ጻኔንሲስ ደግሞ ጣናን «ጻና» ብለው ከሚጽፉበት ዘመን የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ መጥቶ ጥቂቶቹን ሲመዘግብ የአገሬውን መጠሪያ ወስዷል። ነጅያ፣ ሱርኪስ፣ ጎርጓሪ የሚሉት ከዚያ ናቸው። ነጅያ «ነጭ» ከሚለው ቃላችን የወጣ ይመስለኛል፤ ሰላም ሻጩ ልጅ እንደነገረሽ ማለት ነው።

የታንኳ_ልጅ፦

እኔ ሳይንሱን አላነበብኩም። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ አስጋሪ ነበር። በደንገል ታንኳ ነው ያሳደገን።

ታንኳ በየጊዜው እያወጡ ካላደረቁት ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ጥቂት ወራት አገልግሎ ያበቃል። ስለዚህ አባቴ ሩቅ አይሄድም ነበር። ዳር ዳሩን ነው። ማታ መረቡን ይጥላል፣ ጎህ ሲቀድ ያነሳል። እኔ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ከኋላው ተቀምጬ የገባውን ውሃ በጣሳ እቀዳ ነበር።

ሲያነሳው አንድ ቀን አየሁት። ዓሣውን ከመረቡ ሲያላቅቅ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ ዳር እያየ ከሰው ጋር ያወራል። እጁ ግን ጢሙን፣ ከንፈሩን፣ አፉን ይዳብሳል። ከዚያ «ይሄ ከአለቱ ነው፣ ይሄ ከጥልቁ ነው» ይላል። እኔ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። «እንዴት አወቅህ አባዬ?» ስለው «የሚበላውን አፉ ይነግርሃል» አለኝ።

ገበያ ላይ ግን ለሁሉም አንድ ስም ነው፣ ነጭ ዓሣ። ከቀረሶና ከአምባዛ ይለይ ብለን እንጂ ለየብቻ ስም የሚሰጠው የለም። ለሻጩ ልጅ አትፍረጂበት እህቴ፤ እኛም እንደዚያው ነው የሸጥነው።

ጥያቄ_አለኝ፦

ሁሉም እንደሚያደንቅ ገባኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሻም አፍንጫው አጭር አለ፣ ረጅም አለ። ሁሉም ውሻ ነው። እነዚህስ አንድ ዓሣ ሆነው መልካቸው ብቻ ቢለያይስ? 15 ዝርያ ማለት ማጋነን አይሆንም?

ደንገል፦

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ራሳቸው ተከራክረውበታል። አንዳንዱ የዘረ መል ክፍላቸው ሲታይ በጣም ተቀራራቢ ናቸው። ይህ አያስገርምም። ለአንድ ዝርያ 15 ሺህ ዓመት እንደ ትናንት ነው። በዚያ ላይ የእነዚህ ዓሣዎች ዘረ መል ራሱ የተለየ ነው። አብዛኛው ዓሣ የክሮሞዞሙ ቁጥር 50 አካባቢ ነው። እነዚህ ግን 150 አላቸው፤ እንደ ሌላው ሁለት ስብስብ ሳይሆን ስድስት ስብስብ ማለት ነው።

ውሻን የለያየው ሰው መርጦ ስላራባው ነው። ልቀቃቸው ብትል አንድ ላይ ይዳቀላሉ። እነዚህን ግን ማንም አላራባም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆላንድ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናግልከርከና ሲቢንግ በሺህ የሚቆጠር ዓሣ ለክተው ቅርጹን ከምግቡና ከመኖሪያው ጋር አስተያዩ። ሦስቱ አብረው ይሄዳሉ። ከዚያም ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የሚወጡበት ቦታና ጊዜ እንደ ዝርያው ይለያያል። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። አብረው እየኖሩ ካልተቀላቀሉ ለየብቻ ናቸው።

ደቡብ ውስጥ ገናሌ ወንዝ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እዚያም ባለ ወፍራም ከንፈር አለ፣ ባለ ትልቅ አፍ አለ። ከጣናዎቹ ጋር ግን አልተገናኙም። ይህ ዓሣ በደሙ ውስጥ የመለያየት ችሎታ ይዞ የሚዞር ይመስላል።

ጥያቄ_አለኝ፦

የወንዙን ነገር አላውቅም ነበር። እሺ፣ ተረድቼሃለሁ። የሐይቅ ዓሣ ለምን ወንዝ ይወጣል?

የፎገራው፦

ይህን እኔ ልመልስ፤ ያደግኩት ጣና የሚገባው የጉማራ ወንዝ ዳር ነው።

ወንድሜ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ወንዙ ቡናማ ይሆናል። ያኔ ዓሣው የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ ሽቅብ ይወጣል። ዋናው ወንዝ ግን ለእንቁላል አይሆነውም፤ ጭቃ ነው። እሱ የሚፈልገው ገባሮቹን ነው። ውሃው ጥልቀት የሌለው፣ ንጹሕና ፈጣን፣ ወለሉ ጠጠር የሆነ ቦታ ይፈልጋል።

ልጅ ሆኜ አንድ ነሐሴ ከብት ይዤ ወርጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ውሃው ከጉልበቴ በታች ነው። መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁ፤ እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ እንደሚመታ ዓይነት። ጠጋ ስል የዓሦቹ ጀርባ ከውሃው በላይ ወጥቷል። አንዷን እናት ሦስት አራት ወንዶች ተከትለዋታል። ጎኗን ወደ ጠጠሩ ዘንበል አድርጋ ትንቀጠቀጣለች፤ ጅራታቸው ውሃውን ነጭ አድርጎታል። ከብቶቹ ሊጠጡ ሲገቡም አልሸሹም። እንቁላሉ ቢጫ ነው፤ ሰምጦ በጠጠሩ መሐል ይገባል። በላዩ ላይ ውሃ እየሮጠ አየር ይሰጠዋል። ደለል ከሸፈነው ያልቃል።

ከዚያ ትልልቆቹ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጫጩቶቹ ክረምቱ ሲወጣ ከጎደለው ውሃ ጋር ይወርዳሉ።

እንግዲህ ችግሩም እዚያው ነው። ያ ሁሉ ዓሣ ከጠቅላላው ሐይቅ ተጠራርቶ በአንድ ጠባብ አፍ ነው የሚገባው። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው አንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል። የሚይዘው ግን እንቁላል የተሸከመችውን ነው።

ሌላው ብርብራ ነው። ፍሬው ይደርቅና ይወቀጣል። ዱቄቱ በጆንያ ተደርጎ ውሃ ውስጥ ይናጣል። ውስጡ ሮተኖን የሚባል መርዝ አለው፤ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ውሃው አረፋ ይዞ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ መጀመሪያ ጫጩቶቹ ናቸው ሆዳቸውን ገልብጠው የሚንሳፈፉት፤ እንደ ተበተነ ሩዝ። እነሱን ማንም አይለቅማቸውም። ሰው የሚፈልገው ከኋላ የሚመጡትን ትልልቆቹን ነው። ያንን ካየሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬም ብርብራ ዛፍ ሳይ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ዛፉ ምን በደለ፤ ለቡና ጥላ የሚሆን መልካም ዛፍ ነው።

አሁን ደግሞ አሸዋና ጠጠሩን በመኪና ይጭኑታል። በበጋ ውሃው በፓምፕ ይሳባል። ርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል። መስኖ አያስፈልግም አልልም፤ እኔም ሩዝ አምራች ነኝ። ጠጠሩ ሲሄድ ግን ዓሣው እንቁላሉን የት ይጣል?

መምህር_ባዮ፦

የፎገራው ወንድሜ በደንብ ነገራችሁ። እኔ ቁጥሩን ላክልበት።

ሁሉም ወንዝ ይወጣል ማለት አይደለም። ጉማራ ላይ በተደረገው ጥናት በመራቢያ ወቅት የተገኙት 7 ዝርያዎች ናቸው። ሜጋስቶማ፣ አኩቲሮስትሪስ፣ ትሩቲፎርሚስ፣ ብሬቪሴፋለስና ጻኔንሲስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። 8ቱ ወንዙ ላይ አልታዩም፤ እነሱ ሐይቁ ውስጥ ሳይራቡ አይቀርም።

እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ጣና ላይ የሚሰገረው ከላይ የታንኳ ልጅ እንደነገረን ነበር። በዚያ ዓመት ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ጀልባው ከዳር ወጣ፤ ሐይቁን ሁሉ ደረሰበት። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች በክብደት 75 በመቶ ቀነሱ። ጫጩቶቹ ደግሞ 90 በመቶ። በጣም ያሳሰበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ትልቁ ቀንሶ ትንሹ ቢበዛ ይተካል እንላለን። ትንሹ ከሌለ ምን ይተካዋል?

ከቀረሶ ጋር አታወዳድሩት። ቀረሶ ቶሎ ይደርሳል፤ ደጋግሞ ይራባል፤ ሴቷ ልጆቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል።

የላናዎን ነገር የሰማችሁ አላችሁ? ፊሊፒንስ ውስጥ ሚንዳናው ደሴት ላይ ያለ ሐይቅ ነው። እዚያም ልክ እንደ ጣና የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች ከአንድ ዘር ተነሥተው ብዙ ዝርያ ሆነው ነበር። ሌላ አዳኝ ዓሣ ከውጭ ገባባቸው፤ ሰውም አለቅጥ አሰገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15 የላናዎ ዓሦች ጨርሶ መጥፋታቸውን አስታወቀ። 15! ጣና ካለን ቁጥር ጋር እኩል ነው። ይህን ባነበብኩ ቀን ክፍል ገብቼ ለልጆቹ መንገር አቅቶኝ ነበር። እንደዚህ ያለ የትልልቅ ካርፖች ስብስብ በሐይቅ ውስጥ ሳይፈርስ የቀረው፣ እኔ እስከማውቀው፣ አሁን ጣና ላይ ብቻ ነው።

ሕግ_ይከበር፦

ታዲያ ምን እንጠብቃለን? የዓሣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ማስገር በሙሉ ይዘጋ። የሚያሰግረው ይታሰር። አለቀ።

የታንኳ_ልጅ፦

ወንድሜ፣ አለቀ ማለት ቀላል ነው። አባቴ መረቡን ሳይጥል ያደረበት ቀን እኛ ምን በልተን እንዳደርን እኔ አውቃለሁ። ክረምት ደግሞ እህል የሚወደድበት ጊዜ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሐይቁን ዝጉ ስትል ለዚያ ቤት ምን ትሰጠዋለህ?

መዘጋት የለበትም እያልኩ አይደለም። አባቴ ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ የወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ትቶ ነበር። ማንም ሳያስገድደው። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት የያዛቸውን ሲያርድ ሁሉም እንቁላል ሆኑበት። ቢላዋውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔ በሕይወቴ አባቴን እንደዚያ ዝም ብሎ አላየሁትም።

እና የምለው ይህን ነው። ሐይቁን ሳይሆን አፉን ዝጉ። የጉማራን፣ የርብን፣ የመገጭን፣ የግልገል ዓባይን አፍ። ነሐሴንና መስከረምን። ቀረሶ የሚያሰግረው መሐል ሐይቅ ላይ ሥራውን ይሥራ። የመረቡን ዓይን ጠበብ የሚያደርገውንና ያንን እንደ ክር የቀጠነ የላስቲክ መረብ የሚያስገባውን ደግሞ ያዙት። ያ መረብ ተበጥሶ ውሃ ውስጥ ሲቀርም መግደሉን አይተውም።

የፎገራው፦

የታንኳ ልጅ ያለውን እደግፋለሁ። የወንዙን አፍ የሚጠብቀው ግን ከሩቅ የሚመጣ ሰው አይሁን። የየሰፈሩ አስጋሪዎች ራሳቸው ይሁኑ። ማን ማታ እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ገባሮቹን ደግሞ እኛ ገበሬዎቹ እንጠብቅ።

ሕግ_ይከበር፦

እሺ፣ ልክ ናችሁ፤ አስጋሪውን ሳላስብ ነው የጻፍኩት። የወንዝ አፍ ብቻ ከሆነ በደንብ ሊሠራ ይችላል። ብርብራው ላይ ግን አልመለስም።

አዲስ_ገቢ፦

ለምን እንደ ዶሮ አናረባቸውም? ኩሬ ቆፍሮ ማራባት አይቻልም?

ደንገል፦

ቀረሶን ይቻላል፤ በየቦታው እየተረባ ነው። እነዚህ ግን የሚሮጥ ውሃና ጠጠር ይፈልጋሉ፤ በዚያ ላይ ዕድገታቸው ዝግ ነው። ቢሳካ እንኳ አንድ ዝርያ ወይም ሁለት ነው። ጎርጎሬንሲስ ያለ ቀንድ አውጣው፣ ነጅያ ያለ አለቱ ኩሬ ውስጥ ምን ይሆናል? ተፈጥሯቸውን የሠራው ሐይቁ ነው።

አዲስ_ገቢ፦

እምቦጭስ? እሱን ማንም አላነሳም።

የፎገራው፦

እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የታየው፣ በመገጭ በኩል። የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ይዞታል። እኛ ጋ መረብ የሚጣልበትን ቦታ ሸፍኖ አስጋሪውን አባሮታል። ሥሩ ሥር አየር ያንሳል። ጫጩቶቹ ከወንዝ ሲወርዱ የሚደርሱት ደግሞ እዚያው ዳርቻ ላይ ነው። በእጃችን ስንነቅለው ከርመናል፤ ውሃው እስከ ደረታችን ደርሶ። ለብቻው ክር ይከፈትለት፤ ብዙ የምለው አለኝ።

ሰላም_ጣና፦

ተመለስኩ። ሁሉንም አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ።

ጭንቅላቱን ቀቀልኩት። መምህር እንዳሉት ከስንጥቡ ኋላ ሁለቱን አጥንቶች አገኘኋቸው። በመጀመሪያ የጎድን አጥንት መስለውኝ ልጥላቸው ነበር። ሳጸዳቸው ጥርሶቹ ወጡ። ሦስት ረድፍ ናቸው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። በአንድ ጎን አሥር፣ በሁለቱ ሃያ። ጫፋቸው ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሏል፤ ጣቴን ሳሳልፍባቸው ይይዘኛል። የባለ ወፍራም ከንፈሩንም አወጣሁ። እሱም ሃያ ነው። ግን የእሱ አጠር ያሉ ናቸው፣ እንደ መንጠቆ አይይዙም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለቤቴ እራት እስኪረሳ ድረስ አብሮኝ ሲያያቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት አጥንቶቹን በትንሽ ብልቃጥ ይዤ ወደ ሻጩ ልጅ ሄድኩ። መጀመሪያ ጥንቆላ መሰለው። ስነግረው ግን ዝም ብሎ አየኝና ቅርጫቱን መሬት ላይ ደፋው። ነጭ ዓሦቹን አንድ በአንድ እያነሣ አፋቸውን እየከፈተ ለያቸው። ወፍራም ከንፈር ወደዚህ። ትልቅ አፍ ወደዚያ። አንዱ ዓይኑ በጣም ትልቅ ነው። አንዱ ጢሙ እንደ ገመድ የወፈረ ነው። አንዱ ከሁሉም ትንሽ ሆኖ ራሱ አጭር ነው። ሲጨርስ አምስት ክምር ሆነ። «ሁልጊዜ እኮ በእጄ ነው የሚያልፉት» አለኝ፤ እያየ ነበር እንጂ ለእኔ አልነበረም የሚናገረው።

መምህር፣ ባለ ትልቁ ዓይንና ባለ ወፍራሙ ጢም ምን ይባላሉ? ልጁ ስማቸውን ጽፌ እንዳመጣለት ጠይቆኛል።

መምህር_ባዮ፦

ባለ ትልቁ ዓይን ማክሮፍታልመስ ነው፤ እሱም ዓሣ በል ነው። ባለ ወፍራሙ ጢም ክራሲባርቢስ ነው፤ ወለል ላይ በጢሙ እየዳሰሰ ይለቅማል። አጭር ራሱን ደንገል ነግሮሻል፤ ብሬቪሴፋለስ። ለልጁ በትልልቁ ጻፊለት።

የታንኳ_ልጅ፦

ከስሙ ሥር ከየት እንደሚያዝም ጻፊለት እህቴ። ወፍራም ከንፈሩ ከአለቱ። ሌላውን እሱ ራሱ ከአስጋሪዎቹ ጠይቆ ይሙላው።